ከአሞሌ ጨው እስከ ስልክ ገንዘብ፦ እያንዳንዱ መሣሪያ ነጋዴን ምን ጠየቀ?



ሰሞኑን በየገበያው የሚወራው አንድ ወሬ ነው። ልጆቻችን «ከእንግዲህ ሁሉንም ስልክና ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ደላላ ቀረ፣ ነጋዴም ሊቀር ነው» ይሉናል። ገሚሱ ሰው ይሰጋል፣ ገሚሱ ይስቃል። እኛ በድሬዳዋ፣ በጅቡቲና በሐርጌሳ መካከል የምንመላለስ ሴት ነጋዴዎች ግን ነገሩን በታሪክ በኩል ማየት መረጥን። በዚህ መስመር አዲስ መሣሪያ መጥቶ ሥራ ሲያገላብጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለምና።

ታሪኩን ስናስተውል አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ነጋዴውን አንድ አዲስ ነገር ይጠይቀዋል። አንዱ ዓይን ይጠይቃል፣ አንዱ ቦታ፣ አንዱ ፊርማ፣ አንዱ ሰዓት። ጥያቄው ቀድሞ የገባው ሰው ይሠራበታል፤ ያልገባው ዕቃውም ጉልበቱም እያለው ከዳር ይቀራል። የአሁኑ ስልክ የሚጠይቀንን ደግሞ ብዙዎቻችን ገና ልብ ያላልነው ይመስለናል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ከጥንቱ እንጀምር።

ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በሁለት ካላንደር የሚነግድ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ በሰነድ ላይ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ኬላ ላይ ቀልድ አይደለም።

ጨውና ጠገራ ብር

አያቶቻችን የሚነግዱበት የመጀመሪያው «ሳንቲም» የሚበላ ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ እየተቆረጠ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣና በየገበያው እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ማየቱን ጽፎልናል፤ ከመገኛው በራቀ ቁጥርም ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ አስተውሏል። ይህ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ትርፍ ማለት መንገድ ነው። አሞሌ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይሟሟል፣ ሲወድቅ ይሰበራል። የሚጠይቀውም ጉልበትና ጥንቃቄ ነበር።

ከዚያ ጠገራ ብር መጣ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህም ከመቶ 83 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የሚገርመው፣ ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 የተጻፈበት ዓመት ከዚያ በኋላ አልተቀየረም። ከመቶ ዓመት በኋላ የተቀረጸውም ብር 1780 ይላል። ለምን ቢሉ፣ ሰው የለመደው መልኩን ስለሆነ ነው። የኛ አገር ነጋዴ ብሩን ሲቀበል የንግሥቲቱን ዘውድና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጦች ይቆጥር ነበር። ፈርጡ ተፍቆ ያልታየ ወይም መልኩ ያልተለመደ ብር በገበያ ይመለሳል፣ ወይም በቅናሽ ይወሰዳል።

ዐፄ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር አስቀረጹ። ሆኖም ብዙ ገበያ ውስጥ ሰው ለረጅም ጊዜ የለመደውን ጠገራ ብር መርጧል። ጠገራ ብር ከገበያ የወጣው በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ በኋላ ቀስ በቀስ ነው።

እንግዲህ ጠገራ ብር የጠየቀው ዓይን ነው። መጻፍና ማንበብ አልጠየቀም፣ መታወቂያም አልጠየቀም። ፈርጥ መቁጠር የምትችል ሴት ከማንም ወንድ እኩል ገበያ ትቆማለች። ችግሩ ክብደቱ ነበር። አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይሆናል። ሀብት ያለው ሰው ሀብቱን ለመንቀሳቀስ በቅሎና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

አባን

ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የግመል ጉዞ ሌላ መሣሪያ ነበረው፤ ሰው ነው። በሶማሊኛ «አባን» ይባላል። እንግዳ ነጋዴ የማያውቀውን አገር ሲያቋርጥ አባን ይይዛል። አባኑ ጠባቂው፣ አስተርጓሚው፣ ደላላውና ዋሱ ነው። በነጋዴው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ የሚዋረደው የአባኑ ስምና ጎሣ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1854 ከዘይላ ተነስቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ ይህን ሥርዓት አይቶ ጽፏል።

አባንን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰነድ በሌለበት፣ ፍርድ ቤት በሌለበት፣ አገር ለአገር በማይተዋወቅበት ዘመን ንግዱን ያቆመው አንድ ሰው «ይህ እንግዳ የኔ ነው» ማለቱ ነበር። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ምድር ባቡር

ዐፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር ለመግባት ነበር። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ተራራውን ለመውጣት የሚፈልገው ወጪ ኩባንያውን አስፈራው። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ1902 መጨረሻ ቆመ። የቆመበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ።

እስቲ አስቡት። ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከላይ ቀረች፤ አንድ መሐንዲስ ስለ ዳገት ባሰበው ሒሳብ ምክንያት አዲስ ከተማ ከታች ተወለደች። የፈረንሳዮቹ ከዚራ በአንድ በኩል፣ መጋላ በሌላ በኩል፣ በመካከል የደቻቱ አሸዋ። ዘይላም የሐረርን ጭነት ለጅቡቲ አስረክባ ቀዘቀዘች። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ዓመታት ከቆመ በኋላ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሳምንታት ይወስድ የነበረው የሲራራ ጉዞ በቀናት ተተካ።

የተጎዳ አልነበረም ማለት አይደለም። መስመሩ በሚያልፍበት በረሃ ከግመል ኪራይና ከአጃቢነት የሚተዳደሩ ሰዎች ባቡሩን በበጎ አላዩትም፤ በግንባታው ዘመን ግጭትም ነበር። ግን የግመልና የአህያ ሥራ ጨርሶ አልጠፋም። ቡናውና ቆዳው ከየተራራው ወደ ጣቢያው መድረስ ነበረበት። ሥራው ቦታ ቀየረ። ባቡሩ የጠየቀው ይህንን ነው፤ ማራገፊያው ዘንድ መገኘትን።

እናቶቻችን ይህን ጥያቄ በደንብ መልሰውታል። ደወሌ፣ አይሻ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ሴቶች ወተት፣ እንቁላል፣ ሎሚ፣ ቡና ይዘው ቆመዋል። ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ ጠቅልለው በፉርጎ የተመላለሱም እነሱ ናቸው። የቀፊራን ገበያ ግማሽ ያቆመው ያ ባቡር ነው ብንል አላጋነንም። ዛሬ «ለገሃር» የምንለው ቃል እንኳ የፈረንሳይኛ ጣቢያ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ፈጣን ነው፣ ብዙ ይጭናል፣ ለአገር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ በየመንደሩም አይቆምም። ከሁሉ በላይ ሐሳቡ ኮንቴነር ላይ ነው። አሮጌው ባቡር «የት ቆመሻል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ «ስንት ኮንቴነር አለሽ?» ይላል። አንድ ኮንቴነር ብቻዋን መሙላት የማትችል ሴት ከሦስት ከአራት ጓደኞቿ ጋር ካልተካፈለች ባቡሩ በአጠገቧ ያልፋል እንጂ አይቆምላትም።

ባንክና መዝገብ

በ1905 የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ጀመረ። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ ነበር። ሐረርና ድሬዳዋም ቅርንጫፍ አገኙ። በቅሎ ጭኖ ጠባቂ ቀጥሮ ጠገራ ብር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ አሁን በወረቀት ማዘዝ ይችላል። እፎይ የሚያሰኝ ነገር ነው። ባንክ ግን እስከዚያ ድረስ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ፤ ፊርማ።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶቻችን ከዳር ቀሩ። ፈርጥ ቆጥራ፣ ሚዛን ይዛ፣ የሃያ ሰው ዱቤ በጭንቅላቷ ይዛ የምትውል ሴት ፊርማ ሲመጣ ልጇን ወይም ባሏን መጥራት ግድ ሆነባት። ችሎታ አንሷት አይደለም፣ የመሣሪያው ጥያቄ ስለተቀየረ ነው። ሒሳቡም በተጠራው ሰው ስም ተከፈተ። እናት ሠርታ በልጅ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ስንቱን ቤተሰብ እንዳጣላ የምናውቀው ነው።

ከመካከላችን ኮሜርስ የተማርን በዲፕሎማ ክፍል ዴቢትና ክሬዲት ስንማር አንድ ነገር ደስ ብሎን ነበር። የሁለትዮሽ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን በ1494 በቬኒስ አሳትሞ ያሰራጨው ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ነው። ፓቾሊ ግን ዘዴውን አልፈለሰፈውም፤ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የኖሩትን ነው የጻፈው። ሳይንስ ከላይ ወደ ገበያ ብቻ አይወርድም፤ ከገበያም ወደ መጽሐፍ ይወጣል። የኛም ዕቁብ እንዲሁ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፣ ዕጣ አለው። ባንክ በማያውቀን ዘመን ባንካችን እሱ ነበር።

አውሮፕላንና ጫት

ስለ ጫት ጥሩነትና መጥፎነት ዛሬ አንከራከርም፤ ያ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሳይንስ ነው። በትኩስ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ስለዚህ የጫት ዋጋ በሰዓት ይወርዳል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ገዢ ፊቱን ያዞራል።

ግመል ጫትን ሩቅ ሊያደርስ አይችልም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በ1946 መብረር ከጀመረ በኋላ፣ በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ የሐረርጌ ጫት በአውሮፕላን ዓደን ይገባ ጀመር። ተራራ ላይ ጠዋት የተቀነጠበ ቅጠል ባሕር ማዶ ትኩሱን ደረሰ። የመንደር ቅጠል የነበረው የውጭ ንግድ ሆነ። ዛሬም አወዳይ ሌሊቱን ነቅታ ትጭናለች፤ ጅቡቲ ላይ ቀትር ሲሆን ከተማው ሁሉ ጭነቱን ይጠብቃል።

አውሮፕላንና መኪና የጠየቁት ሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ ከሴት ነጋዴ የሚወስደው ብዙ ነው፤ እንቅልፍ፣ ጤና፣ ከልጆች ጋር የሚበላ እራት። ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ ፍጥነቱን እናደንቃለን። ፍጥነቱን በጉልበቱ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አወዳይ ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ሐዋላና ስልክ

የሶማሊያ መንግሥት በ1991 ከፈረሰ በኋላ ባንክ የሚባል ነገር ሲጠፋ ሐዋላ ቦታውን ያዘ። እዚህ ገንዘብ ለአንዱ ትሰጫለሽ፤ እዚያ ባልደረባው ለዘመድሽ ይከፍላል፤ በኋላ እርስ በርስ ይተሳሰባሉ። ገንዘቡ ራሱ አይጓዝም፤ የሚጓዘው ቃል ነው። አባን በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

በኅዳር 2001 አሜሪካ አል ባረካት የተባለውን ትልቅ የሶማሊያ የሐዋላ ድርጅት ንብረት አገደች፤ ዘመድ በሚልከው ገንዘብ የሚኖሩ ቤተሰቦች በአንድ ጀምበር መንገዱ ተዘጋባቸው። የመስከረም 11ን ጥቃት ያጣራው የአሜሪካ ኮሚሽን ባልደረቦች በ2004 ባወጡት ጥናት ድርጅቱን ከሽብር ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ማስረጃ አላገኙም። ለኛ ትምህርቱ ይህ ነው። መሣሪያው በእጅሽ ቢሆንም ማጥፊያው በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ገንዘብሽን ሁሉ በአንድ መንገድ ብቻ አትላኪ።

ከዚያ ስልክ መጣ። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም ኤምፔሳን በመጋቢት 2007 ጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሰዎች አነስተኛ ብድር በስልክ እንዲከፍሉ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለዘመድ ገንዘብ መላኪያ አደረገው። በ2009 ቴሌሶም ሐርጌሳ ላይ ዛድን አመጣ። ሐርጌሳን የሚያውቅ ሰው በየመንገዱ ዳር እንደ ጡብ የተደረደረውን የሽልንግ እስር ያስታውሳል፤ ለትንሽ ዕቃ ዘንቢል ሙሉ ብር ይቆጠር ነበር። ዛድ በዶላር ሆነ፤ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክም ይሠራበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌብር በግንቦት 2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2023 ተጀመሩ።

ይህ ለኛ ትልቅ ዕረፍት ነው። ብር በወገብ አስሮ መኪና ላይ የማደር ፍርሃት ቀንሷል። ስልክ ፊርማ አይጠይቅም፤ ያላነበበች ሴትም ቁጥር ካወቀች ትሠራበታለች። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ስምና የምሥጢር ቁጥር። መስመሩ በማን ስም ነው? ቁጥሩን ማን ያውቀዋል?

እዚህ ነው ስጋታችን። በገበያችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሸጥ፣ ገንዘቡን በስልክ የምትቀበል፣ ሲም ካርዱ ግን በባሏ፣ በወንድሟ ወይም «ለጊዜው» ብላ በጎረቤቷ መታወቂያ የወጣ ሴት ጥቂት አይደለችም። አንዲት ጓደኛችን መስመሩ በሟች ባለቤቷ ስም ስለነበር የራሷን የሽያጭ ገንዘብ ለማውጣት ወረቀት ይዛ ወራት ተመላልሳለች። ዕቃው የሷ፣ ደንበኛው የሷ፣ ድካሙ የሷ፤ ስሙ ግን የሷ አልነበረም። የምሥጢር ቁጥሩን ለልጅ ወይም ለሱቅ ረዳት የሰጠችውም እንዲሁ ናት፤ የገንዘብ ሣጥኗን ቁልፍ አደባባይ ላይ እንደ መስቀል ነው።

በባንክ ዘመን እናቶቻችን ፊርማ ስላልነበራቸው ገንዘባቸው በሌላ ስም ሄደ። እኛ ፊርማ ኖሮን፣ ዲፕሎማ ኖሮን ያው ነገር በሲም ካርድ ቢደገምብን ማንን እንወቅሳለን?

ደላላ ይቀራል ወይ?

ወደ ልጆቻችን ወሬ እንመለስ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ዋጋ ይነግርሻል፣ ደብዳቤ ይጽፍልሻል፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ይተረጉምልሻል። ጥሩ ነው፤ እኛም እየተጠቀምንበት ነው። ዋጋ ደብቆ ብቻ የሚያተርፍ ደላላ ካለ በእርግጥ ዘመኑ አልፏል፤ ይለፍም።

ግን ጭነት ኬላ ላይ ሲያዝ፣ ገዢው «ዕቃው ያልኩት አይደለም» ሲል፣ ሾፌሩ ስልኩን ሲያጠፋ፣ የሚያስፈልገው «ይህች ሴት የኔ ናት፣ እኔን ጠይቁኝ» የሚል ሰው ነው። ማሽን ዋስ አይሆንም፤ ቢዋሽ የሚዋረድበት ጎሣም ስምም የለውም። ከአባን እስከ ሐዋላ፣ ከዕቁብ ዳኛ እስከ ደንበኛ ነጋዴ፣ በዚህ መስመር ሁሉም መሣሪያ ሲቀያየር ያልተቀየረው ሥራ ዋስነት ነው። ልጆቻችን ንግዱን ይውረሱ ወይስ ይተዉት ብላችሁ ለምትጨነቁ ወላጆች የኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ስልኩን እነሱ ያስተምሩን፤ ሰው ማወቅንና ቃል መጠበቅን እኛ እናስተምራቸው። አንዱ ያለ ሌላው አይነግድም።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። የምትነግዱበትን ስልክ አንሡና መስመሩ በማን ስም እንደተመዘገበ አጣሩ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ ሰውየው በሕይወትና በሰላም እያለ፣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ አዛውሩት። የምሥጢር ቁጥሩን ቀይሩ። በሚቀጥለው የዕቁብ ቀን ደግሞ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለሁሉም አባል አንሡት፤ በተለይ ዝም ብለው ለሚቀመጡት ትልልቅ እናቶች። እናንተ መንደር ሌላ ዓይነት ችግር ካለም ጻፉልን።

ቸር ይግጠመን።